ቀንም ማታም የታሰረች ውሻ

ውሻ ወዳድ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ውሻ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ውሻ ከሰው እንደሚሻል ሊያሳምነን ስለሚነሳ ነው። ከሰው የሚሻል ውሻ አላየሁም። ከአንዳንድ ስብሰባ የሚሻል ውሻ ግን አይቻለሁ፤ ቢያንስ ሲደክመው ይተኛል።

አሶሳ የመጣሁት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተመድቤ ነው። ለጊዜው ብዬ መጥቼ ፀጉሬ እዚሁ ሸበተ። የምኖረው በአንዲት የበርታ እናት ግቢ ውስጥ ነው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው የየራሳቸውን ቤት ይዘው የወጡ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለውን ክፍል ለእኔ ያከራዩ ሴት ናቸው። የማንጎ ዛፎች አሏቸው፣ ፍየሎች አሏቸው፣ በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት አላቸው። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው ኡስታዝ ይሉኛል፤ መምህር ማለታቸው ነው፣ በልጅነታቸው ከሱዳን ነጋዴዎች የለመዱት ነው።

ውሻዋ የመጣችው ከመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረው ካምፕ ሲነሳ ማሽኑ ተጫነ፣ ኮንቴይነሩ ተጫነ፣ የሽቦ አጥሩ ሳይቀር ተጠቅልሎ ተጫነ። ውሾቹ ቀሩ። አንዷ ቁርስ የምበላበት ፉል ቤት በር ላይ መቀመጥ ጀመረች። አንድ ቀን ፉል የነካ ዳቦ ጣልኩላት። አዳንኳት የምለው ታሪክ ይህን ያህል ነው። በማግስቱ ተከትላኝ መጥታ ግቢው በር ላይ ተኛች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ውሳኔ ሁሉ የእሷ ነበር።

እማማ ከበሩ ሆነው ዓይተዋት ወደኔ ዞሩ። ውሻ ሁሉ ለእሳቸው ወንድ ነው።

"ፍየል ይጠብቃል?"

"ይጠብቃል።"

"ቤት አይገባም።"

"አይገባም።"

"መላኢካ ውሻ ያለበት ቤት አይገባም" አሉኝ፣ ስለ መልአክ የማላውቅ መስሏቸው። ከዚያ ገመድ አመጡልኝ።

ቀን ትታሰራለች፣ ሲመሽ ትፈታለች። ይህ በእኛ ሰፈር ሕግ ነው፤ ያልተጻፈ ስለሆነ ይከበራል። ታስሮ የሚያድር ውሻ ለጅብ የቀረበ ራት ነው፤ ውሻውን አስሮ ያሳደረ ሰው ደግሞ ጨካኝ ይባላል። ካምፕ ውስጥ ያደገች ስለሆነች ሥራውን ታውቀዋለች። ሲመሽ አጥሩን ትዞራለች፣ ጅብ ሲጮህ መልስ ትሰጣለች፣ ጠዋት ራሷ መጥታ ገመዱ አጠገብ ትተኛለች። በሥራ ሰዓት አክባሪነቷ ከብዙ ባልደረቦቼ ትበልጥ ነበር።

ክረምቱ አልፎ ብዙም ሳይቆይ ሳል ጀመራት። መጀመሪያ አጥንት ያነቃት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ፍየሎቹን ያባረረ ባዕድ ውሻ ተከትላ ስትሮጥ ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ አለች። ውሻ እየሮጠ ቁጭ ሲል ዓይቼ አላውቅም። ጎኗ እየከሳ ሄደ፣ ሆዷ ግን አልከሳም።

ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሰውዬ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። እዚህ ወልደው አሳድገው ሲያበቁ አሁንም ስለ ወሎ ውኃ ያወራሉ። "መምህር፣ ውሻና ሳል ምን አገናኛቸው?" አሉኝ። "ሲጋራ አስለመዷት እንዴ?"

የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ በሬና አህያ ሞልቶት ነበር። ውሻ ይዤ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከፊቴ በሬውን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ገበሬ ምን እንደሆነች ጠየቀኝ።

"ያስላታል።"

"ውሻዋን?"

"ውሻዋን።"

ወደ በሬው ዞሮ "ሰማህ?" አለው።

ሐኪሙ ደብረ ዘይት ተወልዶ ደብረ ዘይት የተማረ ሰው ነው። ይህን ሲናገር ከአንድ ቦታ ያልተነቃነቀ ይመስላል፤ ደብረ ዘይት ግን ሁለት ነው፤ የተወለደበት እዚሁ መተከል ያለው፣ የወንበራው ነው፤ የተማረበት ደግሞ ሐይቅ ያለው። ሰው ሁሉ ስለ ሐይቁ ይጠይቀዋል። "የኛው ሐይቅ የለውም" የሚለውን መልስ እንደ ስም ካርድ ይዞት ይዞራል።

በዚህ አካባቢ የከሳ እንስሳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በገንዲ ነው፤ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው፣ ከብት የሚጨርስ በሽታ። ስለዚህ ከጆሮዋ ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ ገንዲ ሊፈልግ ተቀመጠ። ፈለገ። ቀና አለና እንደገና አጎነበሰ።

"ገንዲ አይደለም" አለ። ትንሽ ቆይቶ "ይምጡ ይዩ" አለኝ።

አየሁ። በቀያዮቹ የደም ሕዋሳት መሃል አንድ ቀጭን ክር ይወራጫል። ግራና ቀኝ ይጋፋል እንጂ የትም አይሄድም።

"ይሄ ልጁ ነው። እናትየዋ ልብ ውስጥ ናት" አለኝ።

"ምን ታህላለች?"

ክንዱን ዘርግቶ ከመዳፉ እስከ ክርኑ አሳየኝ። "ከዚህ ብታንስ ትንሽ ነው። አንዷም ብቻ አትሆንም።" የልብ ትል ይባላል፤ ትንኝ ናት ከውሻ ወደ ውሻ የምታደርሰው። በትምህርት ቤት እንዳነበበው፣ በዓይኑ ግን ገና ማየቱ መሆኑን ሳይደብቅ ነገረኝ። ሌላ የሚመስለው ትልም ስላለ እርግጠኛ ለመሆን ደሟን በበረዶ አድርገን ወደ አዲስ አበባ ለሚበር ባልደረባዬ አስያዝነው፤ የፈረንጅ ውሾች የሚታከሙበት ቦታ ለዚህ የሚሆን ምርመራ አለ። ውጤቱ በስልክ መጣ። የልብ ትሉ ነው።

ትሎቹን ባጭር ጊዜ የሚገድል መርፌ በዓለም ላይ አለ፤ ሐኪሙ የጠየቃቸው ቦታዎች ሁሉ ግን የላቸውም። የቀረን ቀስ ብሎ የሚገድለው መንገድ ነው፤ ከሰው ፋርማሲ የሚገዛ ዶክሲሳይክሊን፣ በየወሩ ደግሞ ለከብት ከተሠራው አይቨርሜክቲን እሱ ራሱ የሚለካላት ጥቂት ጠብታ።

"ትሎቹ ሲሞቱ የት ይሄዳሉ?" አልኩት።

"የት ይሄዳሉ፣ ወደ ሳንባ ነዋ። ተቆራርጠው። ከተረጋጋች ሰውነቷ ቀስ ብሎ ይበላቸዋል። ከሮጠች ግን የደም ቧንቧው ይደፈናል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መድኃኒቱ ገደላት ይባላል። የገደላት ግን ሩጫው ነው።" መጽሔት ላይ እንደሚጻፈው ዓይነት ረጅም ምክር አልሰጠኝም። "ለወራት አትሩጥ። አትዝለል። ከተቻለ አትናደድ" ነው ያለኝ።

ፋርማሲው ውስጥ ያለችው ልጅ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለቤተሰብ ነው አልኳት፤ ወረፋው ረጅም ነበር፣ ማብራራትም ሰልችቶኝ ነበር።

"ዕድሜ?"

"ሦስት ዓመት ገደማ።"

እጇ ቆመ። "ለሦስት ዓመት ሕፃን ዶክሲ አይሰጥም። ማነው ያዘዘው?"

"የእንስሳት ሐኪም።"

ልጅቷ ፊቴን አየች፣ ማዘዣውን አየች። "ውሻ ናት" አልኩ። "ታዲያ እሱን አያስቀድሙም፣ አባቴ?" ብላ ካፕሱሉን ሰጠችኝ። እስካሁን ስታየኝ ልጆቼ እንዴት እንደሆኑ ትጠይቀኛለች።

አይቨርሜክቲኑን ስነግራቸው እማማ ስሙን ባያውቁትም መድኃኒቱን አወቁት። የተወለዱት ወንዝ ዳር ነው፤ በወንዙ ዳር ያለች ዝንብ በምታመጣው በሽታ ሰው ዓይኑ እንዳይጠፋ የጤና ሠራተኞች እየዞሩ የሚያድሉት ኪኒን እሱ ነው።

"እኔ ብዙ ጊዜ ዋጥኩ" አሉኝ። "በዱላ ለኩን። ረጅም ሰው ብዙ ይውጣል፣ አጭር ሰው ትንሽ ይውጣል። እሱ አራት እግር ነው። ቁመት ከየት እስከ የት ይለካል?"

"በኪሎ ነው፣ እማማ።"

"ፍየል ነው?" አሉና ሄዱ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመድኃኒቱ መሸፈኛ የምጠቀምበትን ጉበት ራሳቸው ይቆርጡልኝ ጀመር። ውሻዋን ሳይነኩ፣ በጣባ ላይ አስቀምጠው ገፋ ያደርጉልኛል።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ከባዱ ማረፏ ነው። እዚህ ሽመል የምንለውን የቆላ ቀርከሃ ገዝቼ ከክፍሌ በረንዳ ሥር በረት ነገር አሠራሁላት። ለመዞር የሚበቃ፣ ለመሮጥ የማይበቃ። ቀንም ማታም እዚያ።

ስለ ዕረፍት ብዙ አንብቤአለሁ። መነኩሴው ያወድሰዋል፣ ፈላስፋው ያወድሰዋል፣ ሰነፉማ ቅኔ ይቀኝለታል። ልብ ብዬ ሳስበው ሁሉም ያረፉት ወደው ነው። በሁለት ክንድ ርቀት ፍየል እያለፈ ስላረፈ ፍጡር የጻፈ አላጋጠመኝም። ውሻዋ ፍየል ስታይ ትነሳለች፣ ሰው ሲያልፍ ትነሳለች፣ ጥላ ሲያልፍ ትነሳለች። በሽመሉ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ጋረድኩ። አሁን አታይም፤ ስለማታይ ግን ሁሉንም መስማት ጀመረች።

የማንጎው ወቅት ሲመጣ ደግሞ ባሰ። የበሰለ ማንጎ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወድቅ አሶሳ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንግዳ ሰው ድንጋይ የተወረወረበት ይመስለዋል። ማንጎ በወደቀ ቁጥር ከተኛችበት ትስፈነጠራለች፣ ከዚያ ሳሉ ይከተላል። በጣራው ላይ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ ላራግፍ መሰላል ስጎትት እማማ ደረሱብኝ።

"ለውሻ ብለህ ማንጎዬን ጥሬውን ታወርዳለህ?"

"ድምፁ ያስደነግጣታል።"

"እኔንም ያስደነግጣል። ሰው ዛፍ ቆረጠልኝ?"

መሰላሉን መለስኩ። በምትኩ ቆርቆሮው ላይ ሣር ዘርግቼ በከረጢት ሸፈንኩት። ባለሱቁ ከመደብራቸው ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ።

"መምህር፣ ጣራው በረደው?"

"ለውሻዋ ነው።"

"ቀን የሚተኛ፣ ማታም የሚተኛ፣ ሲበላ ብቻ የሚነሳ" አሉ፣ በጣታቸው ሳይሆን በድምፃቸው እየቆጠሩ። "ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ አደረጓታ።"

የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ መልስ አልሰጠሁም።

ከዚያ ተማሪዎቼ ለማስተማር ልምምድ ባምባሲ ወጡና ሄጄ ላያቸው ግድ ሆነ። አዳር ነው። ከመሄዴ በፊት እማማን ቁጭ አድርጌ ሁሉንም አስረዳኋቸው፤ ስለ ልቧ፣ ስለሚሞቱት ትሎች፣ ስለሚደፈነው ቧንቧ። በመምህርነቴ ከሰጠኋቸው ማብራሪያዎች ጥሩ ከምላቸው አንዱ ነው። ምግብና ውኃ በሽመሉ ሥር ማስገባት እንጂ መክፈት የለም አልኳቸው።

"ገባኝ" አሉኝ። ገብቷቸውም ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት ገመድ ላይ የተሰጣውን፣ የሚከናነቡትን ቶባቸውን ነው። ልብስ የሚያጥቡበት ቀን አልነበረም። ከዚያ በረቱን አየሁ። ክፍት ነው። እማማ በግቢው ጥግ፣ ማንጎ የሚያከማቹባት ጎጆ በር ላይ በርጩማ ይዘው ተቀምጠዋል።

"አትጩህ" አሉኝ ገና ሳልናገር። "አሁን ነው የተኛ።"

ውስጥ፣ ባዶ ከረጢቶች ላይ ተጋድማለች። ጎኗ በፍጥነት ይወጣል ይወርዳል። አፏ ዙሪያ የደረቀ ደም አለ።

"ምን ሆነች?"

"ማታ፣ መግሪብ ሰግጄ ስጨርስ፣ ጅብ ጮኸ። ቅርብ ነው፣ እዚህ፣ ከአጥር ወዲያ። እሱ ሽመል ውስጥ ነው። ሽመል ለጅብ ምንድን ነው? ብስኩት ነው።"

"እማማ፣ እንዳይከፈት ብዬ ነበር።"

"ብለሃል።"

"ታዲያ?"

"ለጅቡ ነግረሃል?"

እሳቸው ቀጠሉ። ከፈቱላት። እስከ አጥሩ ሮጠች፣ ጮኸች፣ ጅቡ ሄደ። ስትመለስ ግቢው መሃል ላይ ወደቀች፣ አሳላት፣ ደም ተፋች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልተናገሩም። ማን አንስቶ እንዳስገባት ስጠይቃቸው ወደ ተሰጣው ቶብ አዩና "ማን አለ ሌላ?" አሉ። እኚህን ሴት ስንት ጊዜ ውሻዋ እንዳትነካቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ።

ልናደድባቸው ፈለግሁ፤ ቁጣዬ የሚያርፍበት አጣ። ያደረጉት ማንኛውም የዚህ ሰፈር ደግ ሰው የሚያደርገውን ነው። ሲመሽ ውሻ ይፈታል። ጅብ ሲጮህማ የማይፈታ ሰው የለም። ስለ ትሉ ያስተማርኩት ሁሉ ትክክል ነበር፤ ጅቡ ግን ትምህርቱ ውስጥ አልነበረም።

ሐኪሙ ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ መጣ። ድዷን ገልጦ አየ፤ ነጣ ብሏል። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። መርፌ ወጋት፣ ሳንባዋ ውስጥ ያለውን እብጠት እንዲያበርድ። "የሞተ ትል ቧንቧ ዘግቷል" አለኝ። "የቀሩት መንገዶች ከበቋት ትተርፋለች። ካልበቋት አትተርፍም። አሁን ምንም አታድርጉ። እውነቴን ነው፣ ምንም።"

ምንም አለማድረግ ሙያዬ መሆኑን ባለሱቁ ይመሰክራሉ፤ ያን ቀን ግን አቃተኝ። ከረጢቱ ላይ ተቀምጬ ጎኗን እያየሁ ዋልኩ። እማማ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ይሰግዳሉ፣ በየመሃሉ ይመጣሉ። ከበሩ አያልፉም።

"ይተነፍሳል?"

"ትተነፍሳለች።"

ይሄዳሉ። ተመልሰው ይመጣሉ።

"ይተነፍሳል?"

ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ የወተት ጆግ ይዘው ገቡ። በሩ ላይ ቆመው አይተዋት ሲያበቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሠራተኛዋ የሕመም ፈቃድ ወጣች ሲሉ ሰማሁ" አሉ። ሳቅ አልመጣልኝም፤ እሳቸውም አልጠበቁም። ወተቱን አስቀምጠው እማማ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱም ታማሚ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ማንጎ ዋጋ አወሩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካፕሱሉ የተሸሸገበትን ጉበት ሰጠኋት። አላመጠች፣ ዋጠች፣ ከዚያ ካፕሱሉን ለብቻው ለይታ ከእግሬ ሥር ተፋችው። እንደምትተርፍ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሽመሉ በረት አልተመለሰችም። እማማ ከማንጎው ጎጆ እንድትወጣ አልፈቀዱም፤ ማንጎውን ወደ ራሳቸው በረንዳ አወጡት። ጎጆው ቤት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም መላኢካውን አላነሱም። ወራቱ በዚህ አለፉ። ሐኪሙ በየጊዜው ደሟን ያያል። ክሮቹ እየሳሱ ሄዱ፤ በኋላም ጠፉ። ለመጨረሻ ጊዜ ደሟን እንደገና በአውሮፕላን ልከን ውጤቱን ጠበቅን። ትል የለም ተባለ። ሐኪሙ በስልክ "በሉ ትፈታ" አለኝ። "መጀመሪያ ቀስ እያለች። ከዚያ እንደ ልቧ።"

በዚያኑ ቀን ወደ ማታ የጎጆውን በር ልከፍት ስሄድ እማማ በርጩማቸውን በሩ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"ማታ አይፈታም" አሉኝ።

"ዳነች፣ እማማ። ሐኪሙ ፈቅዷል።"

"ሐኪሙ ማታ የት ነው?"

"ቤቱ ነው።"

"ቢወድቅ ይመጣል?"

"አትወድቅም። ትሉ አልቋል።"

"ያኔም ታስሯል ደህና ነው ብለህ ሄድክ።" ቶባቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። "ቢወድቅ የማነሳ እኔ ነኝ። ያኔ ቀላል ነበር። አሁን ወፍሯል።"

"ፍየሎቹንስ ማን ይጠብቃቸው?"

"ፍየል እዚህ ከሱ ጋር ያድራል። በር ይዘጋል። ጅብ በር አይከፍትም።"

ውሻ ሌሊት ታስሮ አያድርም ብለው የከፈቱላት ራሳቸው አልነበሩም ወይ ልላቸው ነበር። ከሰው ጋር ተከራክሮ መርታት ከምወዳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው፤ ክርክሩም በእጄ ነበር። ፍየሎቹን እየነዳሁ አስገባሁላቸው።

እንግዲህ በሰፈሩ ውስጥ ቀን ተፈትታ ማታ የሚዘጋባት ውሻ የእኛዋ ብቻ ናት። ባለሱቁ የሥራ ሰዓቷ ተስተካከለ ይላሉ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ከፍየሎቹ ቀድማ ትወጣና እስከ አጥሩ ትሮጣለች። እማማ እስክትመለስ ድረስ በሩን ይዘው ይቆማሉ፤ ከዚያ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።